ክሮንስ ነው ወይስ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ? የአንጀት ብግነት ዓይነቶችን ለመለየት የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

ለሳምንታት ያልቆመ ተቅማጥ፣ ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም፣ ቁርጠት፣ ድካምና የክብደት መቀነስ ይዘው ሐኪም ዘንድ ቀርበው «የአንጀት ብግነት በሽታ ነው» ከተባሉ፣ ቀጥሎ ማንሣት ያለብዎት ጥያቄ «የትኛው ዓይነት?» የሚለው ነው። ይህ መጠሪያ የአንድ ሕመም ስም አይደለም። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት አንጀትን ለረጅም ጊዜ የሚያስቆጣባቸው የተለያዩ ሕመሞች በጋራ የሚጠሩበት ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ አልሰሬቲቭ ኮላይተስና ክሮንስ። ከሁለቱ ወደ አንዱ መመደብ ያልተቻለ ሦስተኛ ክፍልም አለ። በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ትልቁን አንጀት በማየት) የማይታይ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚገኝ ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ የሚባል አራተኛ ዘመድ ደግሞ ከእነርሱ ጎን ይቆማል።

ብዙ ሰው ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች በምልክታቸው ለማነጻጸር ይሞክራል። ይህ አያዋጣም። ተቅማጥም፣ ቁርጠትም፣ ድካምም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም በሁለቱም ይገኛሉ። የሚለያቸው ብግነቱ የት ቦታ እንደሆነና ወደ አንጀት ግድግዳ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ነው። መድኃኒቱንም፣ ክትትሉንም፣ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ የሚያስገኘውን ውጤትም የሚወስነው ይኸው ነው። ለአንደኛው የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው መድኃኒት ለሌላው እምብዛም አይጠቅምም፤ ለአንደኛው መገላገያ የሆነው ቀዶ ሕክምናም ለሌላው የጊዜ እፎይታ ብቻ ነው።

## ከንጽጽሩ በፊት፦ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ይረጋገጥ

ይህን ክፍል አስቀድሜ የማነሣው እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ከሁሉም የከፋ ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። ክሮንስንና አልሰሬቲቭ ኮላይተስን የሚመስሉ ተላላፊ በሽታዎች አሉ። የአንጀት ብግነት ሕክምና ደግሞ በአብዛኛው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ነው። ተላላፊ በሽታ ላለበት ሰው ስቴሮይድ መስጠት በሽታውን ማጠናከር ይሆናል።

አልሰሬቲቭ ኮላይተስን በቅርብ የሚመስለው የአሜባ ኮላይተስ ነው። ደምና ንፋጭ ያለው ተቅማጥ፣ ማማጥ፣ በኮሎኖስኮፒ የሚታይ ቁስለት፣ ሁሉም አለበት። አሜባ ሳይታወቅ ስቴሮይድ ከተሰጠ አንጀት እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ሺጌላ፣ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተርም አጣዳፊ የደም ተቅማጥ ያመጣሉ፤ እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋሉ። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ደግሞ ለክሎስትሪዲየም ዲፊሲሌ መመርመር አለበት። ይህ ባክቴሪያ የአንጀት ብግነት እንዳለባቸው በታወቀ ሰዎች ላይም ተደርቦ ይመጣና «በሽታው አገረሸ» እየተባለ ሊታለፍ ይችላል።

ክሮንስን የሚመስለው የአንጀት ቲቢ ነው። ሁለቱም ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ያቆስላሉ፣ አንጀቱን ያጠብባሉ፣ ክብደት ይቀንሳሉ፣ ግራኑሎማ የሚባሉ የሕዋስ ስብስቦችንም ይፈጥራሉ። ቲቢ በሚበዛበት አካባቢ ሐኪሞችን ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ወደ ክሮንስ የሚያደሉ ፍንጮች በፊንጢጣ ዙሪያ የሚገኝ ፌስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ ወይም ወደ ሌላ አካል የሚከፈት ቀዳዳ)፣ በአንጀቱ ርዝመት የተሰመረ ቁስልና በብዙ ቦታ የተበታተነ ብግነት ናቸው። ወደ ቲቢ የሚያደሉት ደግሞ በአንጀቱ ዙሪያ አግድም የሄደ ቁስል፣ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ መሐላቸው የሞተ ሊምፍ ኖዶች፣ በደረት ራጅ የሚታይ ምልክትና ለረጅም ጊዜ የቆየ ትኩሳት ናቸው። የቲቢ ምርመራ በአንጀት ናሙና ላይ ነጻ ቢልም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ በአንጀት ናሙና ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ጥርጣሬው ሲከብድ ሐኪሙ አስቀድሞ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ኮሎኖስኮፒውን ደግሞ ቁስሉ መዳኑን ሊያይ ይችላል። ሕመምተኛው መዘግየት ቢመስለውም ይህ ትክክለኛ አካሄድ ነው።

ከተላላፊዎቹ ሌላ የሚምታታው አይቢኤስ ነው። አይቢኤስ የአንጀት አሠራር መዛባት እንጂ ብግነት አይደለም፤ አያቆስልም፣ ደም አያመጣም፣ ክብደት አይቀንስም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ በሰገራ ላይ ደም፣ የደም ማነስ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው «አይቢኤስ ነው» ተብሎ ያለ ምርመራ ሊሸኝ አይገባም። እዚህ ላይ ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ጠቃሚ ነው። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብግነት የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከ250 በላይ ከሆነ ደግሞ ንቁ ብግነት መኖሩን አጥብቆ ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ብግነት መኖሩን እንጂ መንስኤውን አይነግርም፤ በተላላፊ በሽታም ከፍ ይላል።

## በምን እንለካቸው?

ዓይነቶቹን በአምስት መለኪያዎች እንመዝናለን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ምርመራውን የሚወስኑ ናቸው፤ ብግነቱ የትኛውን የምግብ መተላለፊያ ክፍል ይዟል? ሳይቋረጥ የተዘረጋ ነው ወይስ በመካከሉ ጤናማ ቦታ እየተወ የሚዘል? የውስጠኛውን ሽፋን ብቻ ነው የጎዳው ወይስ ግድግዳውን ሙሉ? ቀሪዎቹ ሁለቱ ሕይወትን የሚመለከቱ ናቸው፤ የትኞቹን ውስብስብ ችግሮች ያመጣል፣ የትኛውስ ሕክምና ይሠራለታል?

ጥልቀት ለሚለው ቃል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የአንጀትን ግድግዳ እንደ ካፖርት ያስቡት። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚያበላሸው ገበሩን ነው፤ ክሮንስ ግን ከገበሩ አልፎ እስከ ላይኛው ጨርቅ ሊዘልቅ ይችላል። ክሮንስ ጎረቤት አካልን የሚበሳውም ለዚህ ነው።

## አልሰሬቲቭ ኮላይተስ

የሚገኘው በትልቁ አንጀት ብቻ ነው። ከፊንጢጣ በላይ ካለው ሬክተም ይጀምርና ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይዘልቃል። አንዱ ጋ ቆሞ ከዚያ በላይ ያለው ጤናማ ይሆናል። የት ጋ እንደቆመ ማወቅ ትልቅ ዋጋ አለው። በሬክተም ብቻ የተወሰነው ፕሮክታይተስ ይባላል፤ እስከ ግራው ጎን መታጠፊያ የደረሰው የግራ ጎን ኮላይተስ ይባላል፤ ከዚያ ያለፈው ሰፊ ኮላይተስ ይሆናል። በሽታው በሬክተም ብቻ የጀመረ ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ ላይ ሊሰፋበት ስለሚችል ይህ ምደባ በየጊዜው ይታያል።

ምልክቱ በአብዛኛው ደም ነው። ደምና ንፋጭ ያለው ተቅማጥ፣ ድንገት የሚያጣድፍ ሰገራ፣ ወጥቶም ያልወጣ የሚመስል የማማጥ ስሜት። ብግነቱ በሬክተም ብቻ ሲወሰን ከላይ ሰገራው ደርቆ ከታች ደም ሊታይ ይችላል፤ ይህን ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለወራት ማዘግየት ያጋጥማል።

ሜሳላዚንና ቀዳሚው ሰልፋሳላዚን ለቀላልና ለመካከለኛው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የመጀመሪያ መድኃኒቶች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸሸው ነገር አለ፦ በፊንጢጣ የሚገባው መድኃኒት። ብግነቱ በሬክተም ከሆነ ሱፖዚቶሪ (በፊንጢጣ የሚገባ ጠጣር መድኃኒት)፣ በግራ ጎን ከሆነ ኤኔማ (በፊንጢጣ የሚገባ ፈሳሽ መድኃኒት) መድኃኒቱን ከቁስሉ ላይ በቀጥታ ያደርሰዋል፤ ክኒን ብቻውን ከመዋጥም የተሻለ ይሠራል። በአፍና በፊንጢጣ አንድ ላይ መጠቀም ደግሞ ከሁለቱ ከየብቻቸው ይበልጣል። ሰዎች ይህንን አማራጭ በሐፍረት ሲተዉት ያሳዝነኛል፤ ወደ ስቴሮይድ የሚያደርሰውን መንገድ ሊያስቀር የሚችለው ይኸው ነው።

ሕመሙ ሲበረታ ስቴሮይድ እሳቱን ለማብረድ ይሰጣል፤ ለማቆየት ግን አይሆንም። ለረጅም ጊዜ መውሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ስቴሮይድ በቀነሱ ቁጥር ሕመሙ የሚመለስባቸው ሰዎች ወደ አዛታዮፕሪን ወይም ወደ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች (በሕያው ሕዋስ የሚመረቱ፣ ብግነቱን የሚያስነሣውን ክፍል ለይተው የሚያግዱ) መሻገር አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢንፍሊክሲማብ ለክሮንስ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲፈቀድ ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ የተፈቀደው በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ አዳሊሙማብ፣ ቬዶሊዙማብ፣ ኡስቴኪኑማብና በአፍ የሚወሰዱት ቶፋሲቲኒብና ኡፓዳሲቲኒብ መጥተዋል። ቶፋሲቲኒብ ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚሰጥ ሲሆን ለክሮንስ አይደለም፤ ኡፓዳሲቲኒብ ለሁለቱም ነው።

ቀዶ ሕክምናውም ይለያል። በሽታው ከትልቁ አንጀት ስለማይወጣ ትልቁን አንጀትና ሬክተሙን ማውጣት ኮላይተሱን ያስወግዳል። ከዚያ ወይ ሰገራ በሆድ ላይ በሚወጣበት ቀዳዳ በከረጢት ይኖራሉ፤ ወይም ከትንሹ አንጀት ጫፍ ከረጢት ተሠርቶ ከፊንጢጣ ጋር ይገጠማል። ይህ ፓውች የሚባለው ነው። ፓውች ያላቸው እስከ ግማሽ የሚደርሱት ቢያንስ አንድ ጊዜ ፓውቻይተስ የሚባለው ብግነት ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ይታከማል።

## ክሮንስ

ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው በማንኛውም ቦታ ሊታይ ይችላል። የሚመርጠው ግን የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። ጤናማ ቦታ እየተወ ይዘላል፤ ሬክተም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ግድግዳውን ሙሉ ስለሚበሳ ሦስት ዓይነት ባሕርይ ያሳያል፦ ተቆጥቶ ብቻ የቆየ፣ እያጠበበ የሄደና እየበሳ ወደ ጎረቤት አካል የተሻገረ። ጥበቱ ከምግብ በኋላ የሚመጣ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋትና ማስታወክ ያስከትላል፤ መበሳቱ የመግል ክምችትና ፌስቱላ ያመጣል። አንድ ሕመምተኛ ሲታወቅ የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ከዓመታት በኋላ ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ሦስተኛው ሊዞር ይችላል።

በፊንጢጣ ዙሪያ የሚመጣው ፌስቱላ፣ መግልና ስንጥቅ ለብቻው መነሣት አለበት። ከክሮንስ ሕመምተኞች ከአራት አንዱ ገደማ ያጋጥመዋል፤ አንዳንዱ ላይ ከአንጀት ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል። በፊንጢጣ ዙሪያ ደጋግሞ የሚያመግል ወጣት ቁስሉ ብቻ ሊፈስለት አይበቃም። ከሥር ክሮንስ እንዳለ ማየት፣ የዳሌ ኤምአርአይ ማንሣት፣ በቀዶ ሐኪምና በአንጀት ሐኪም በአንድነት መታየት ያስፈልገዋል። ኢንፍሊክሲማብ በዚህ ላይ በሚገባ የተመሠረተ ማስረጃ ካላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ሜሳላዚን ለክሮንስ ያለው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በርካታ መመሪያዎች አይመክሩትም። ስቴሮይድ ለማብረድ፣ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ለተወሰነ በሽታ በአንጀት ውስጥ የሚፈታ ቡዴሶናይድ፣ ለማቆየት አዛታዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴት፣ ከዚያም ባዮሎጂክ፤ አካሄዱ ይህ ነው። ከባድ ምልክት ያለበት፣ ወጣት፣ ብዙ ቦታ የተጠቃ ወይም ፌስቱላ ያለበት ሰው ግን ባዮሎጂኩን ቀድሞ መጀመር ይጠቅመዋል። ለልጆች ክሮንስ ደግሞ ልዩ ምርጫ አለ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምግብ ሳይገባ የተሟላ ፈሳሽ አልሚ ምግብ ብቻ መስጠት ብግነቱን ሊያበርድ ይችላል፤ ስቴሮይድ በእድገታቸው ላይ የሚያደርሰውን ጫናም ያስቀራል። ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይህ አይሠራም።

ቀዶ ሕክምና በክሮንስ ማዳኛ አይደለም። የተጠበበውን ወይም የተበሳውን ክፍል ማውጣት ሲያስፈልግ ይደረጋል፤ በሽታው ግን በተገጠመበት ቦታ ሊመለስ ስለሚችል ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት። በየጊዜው የሚቆረጠው አንጀት እያጠረ እንዳይሄድ ቀዶ ሐኪሙ የሚያወጣው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የትንሹ አንጀት መጨረሻ የተጎዳ ወይም የወጣ ሰው ቪታሚን ቢ12 ሊያጥረው፣ የሐሞት ጠጠርና የኩላሊት ጠጠር ሊያገኘው ስለሚችል እነዚህ ይጣራሉ።

ሲጋራ በዚህ ላይ ግልጽ ድርሻ አለው። ማጨስ ክሮንስን ያባብሳል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም እንዲመለስ ያደርጋል። በአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፦ ከአጫሾች ይልቅ በማያጨሱና ማጨስ ባቆሙ ሰዎች ላይ ይበዛል። ይህ ግን ለማጨስ ምክንያት አይሆንም፤ ልብና ሳንባ የሚከፍሉት ዋጋ ከጥቅሙ ይልቃል።

## ድንበሩ ሲደበዝዝ

መጽሐፉ ላይ የተሳለው ሥዕል ከሰው ላይ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይገኝም። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ በሬክተም ሳይጀምር በልጆች ላይ ሊታይ ይችላል፤ መድኃኒት የገባው ሬክተም ቀድሞ ሊድን ይችላል። ሰፊ ኮላይተስ ያለበት ሰው የትንሹ አንጀት ጫፍ ትንሽ ሊቀላ ይችላል፤ ይህ ክሮንስ አያደርገውም። በግራ ጎን ብቻ የተወሰነ በሽታ ያለበት ሰው በትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ አንድ ብቸኛ የቀላ ቦታ ሊገኝበት ይችላል፤ ይህም «የዘለለ» ተብሎ ወደ ክሮንስ ሊያደላ አይገባም። ግራኑሎማ ደግሞ ቢገኝ ክሮንስን ያጠናክራል፤ አለመገኘቱ ግን ምንም አያስቀርም፤ በአብዛኞቹ የክሮንስ ናሙናዎች ላይ አይገኝም።

የሕክምና ታሪክም ይህን መደበላለቅ ይመሰክራል። ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ እ.ኤ.አ. በ1859 ስሙን የሰጠው ሐኪሙ ሳሙኤል ዊልክስ ነው። ቡሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፔንሃይመር በ1932 በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የገለጹት በሽታ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ያለውን ብቻ ነበር። ሎክሃርት ሙመሪና ሞርሰን በ1960 የትልቁን አንጀት ክሮንስ ለይተው እስኪያሳዩ ድረስ ብዙዎቹ በአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ስም ይታከሙ ነበር።

ብግነቱ በትልቁ አንጀት ብቻ ሆኖ ከሁለቱ ወደ የትኛውም ያላዘነበለ ሕመምተኛ «ያልተለየ የአንጀት ብግነት» ይባላል። የትልቁ አንጀት ብግነት ካለባቸው ከአሥር አንድ ገደማ እዚህ ይመደባል። እንዲህ መባል የሐኪሙ አለማወቅ አይደለም። በችኮላ ከመፈረጅ ይልቅ ሐቀኛ መልስ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ወደ አንዱ የሚለይም ብዙ አለ። የሚያሳስበው አንድ ጉዳይ ቀዶ ሕክምና ነው። ፓውች ከተሠራ በኋላ በሽታው ክሮንስ ሆኖ ከተገኘ ፓውቹ የመበላሸት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ትልቁን አንጀት ለማውጣት ሲታሰብ ትንሹ አንጀት በኤምአርአይ መታየትና ናሙናዎቹ በሌላ ፓቶሎጂስት (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ደግመው መታየት አለባቸው።

ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ በአንጻሩ ቀለል ይላል። የሚያመጣው ውሃማ፣ ደም የሌለው ተቅማጥ ነው፤ የሚበዛውም በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ ነው። ኮሎኖስኮፒው ጤናማ ሆኖ ስለሚታይ ናሙና ካልተወሰደ አይታወቅም። የሕመም ማስታገሻ የሆኑት እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ፤ እነርሱን ማቆምና ቡዴሶናይድ ብዙውን ይረዳል።

## በአንድ ገጽ

| መለኪያ | አልሰሬቲቭ ኮላይተስ | ክሮንስ | ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ |
|---|---|---|---|
| ቦታ | ትልቁ አንጀት ብቻ | ከአፍ እስከ ፊንጢጣ፣ በብዛት የትንሹ አንጀት መጨረሻ | ትልቁ አንጀት |
| ስርጭት | ከሬክተም ጀምሮ ያልተቋረጠ | የሚዘል | በዓይን አይታይም |
| ጥልቀት | የውስጠኛው ሽፋን | ግድግዳው ሙሉ | የውስጠኛው ሽፋን፣ በማይክሮስኮፕ |
| በሰገራ ደም | በጣም የተለመደ | አንዳንዴ፣ በተለይ ትልቁ አንጀት ሲጠቃ | አይኖርም |
| ፌስቱላና ጥበት | ብርቅ፤ ጥበት ካለ ካንሰር መጣራት አለበት | የተለመደ | የለም |
| ሜሳላዚን | የመጀመሪያ ምርጫ | ጥቅሙ አነስተኛ | ሁለተኛ ደረጃ፤ ቡዴሶናይድ ይቀድማል |
| ሲጋራ | በማያጨሱና ባቆሙ ላይ ይበዛል | ያባብሳል | ያጋልጣል |
| ቀዶ ሕክምና | ኮላይተሱን ያስወግዳል | ሊመለስ ይችላል | ብዙም አያስፈልግም |

## የምርመራ ምርጫ፣ በአቅም

አቅም ሲያጥር የቅደም ተከተሉ ነገር ገንዘብ ያድናል። የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ነው፤ አሜባን፣ ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያንን፣ የሚቻል ከሆነ ባክቴሪያን ለመለየት። ቀጥሎ ቀላል የደም ምርመራ፤ የሄሞግሎቢን መጠን፣ ብግነትን የሚያመለክቱት ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን። ካልፕሮቴክቲን ካለ ኮሎኖስኮፒ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ይለያል። ከዚህ በኋላ ኮሎኖስኮፒን የሚተካ የለም። ዋጋ ስለሚጠይቅ አንዴ ሲደረግ በሙሉ ይደረግ፤ ወደ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ገብቶ ይታይ፣ ቢያንስ ከአምስት ቦታ፣ ጤናማ ከሚመስለውም ቦታ ጭምር፣ ከየቦታው ሁለት ናሙና ይወሰድ። «ጤናማ ነው» ተብሎ የታለፈ ቦታ ናሙና ከሌለው ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ማስረጃ ይጠፋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ በጣም የታመመ ሰው ሙሉ ኮሎኖስኮፒ ሊደረግለት አይገባም፤ የተቆጣ አንጀት በቀላሉ ሊበሳ ይችላል። በመጨረሻው ክፍል የሚወሰን ሲግሞይዶስኮፒ ይበቃል። የደም ምርመራ የሆኑት ፒአንካና አስካ ደግሞ አንደኛው ወደ አልሰሬቲቭ፣ ሁለተኛው ወደ ክሮንስ ቢያደሉም በራሳቸው አያረጋግጡም፤ ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ ሊቀሩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ክሮንስ ለተጠረጠረበት ሰው ግን ትንሹን አንጀት የሚያሳየው ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን፣ ወይም ልምድ ባለው ሐኪም የሚደረግ አልትራሳውንድ ቅንጦት አይደለም። ካፕሱል ኢንዶስኮፒ የሚባለው የሚዋጥ ካሜራ ጥበት ባለበት ሰው ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ጥበት እንደሌለ መታየት አለበት።

## ለእርስዎ ሁኔታ የሚስማማው

በሬክተም ብቻ የተወሰነ ቀላል በሽታ ካለብዎት ከሱፖዚቶሪ ይጀምሩ። ባዮሎጂክ ስለማግኘት ከማሰብ በፊት ይህን በአግባቡና ለበቂ ጊዜ መጠቀምዎን ያረጋግጡ።

ወጪ የሚያስጨንቅዎ ከሆነና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ከሆነ ሰልፋሳላዚን ጥሩ አማራጭ ነው። ለሰልፋ አለርጂ ያለበት አይወስደውም፤ ፎሊክ አሲድ ከጎኑ ያስፈልጋል፤ ወንዶች ላይ የዘር ሕዋስ (ስፐርም) ቁጥርን ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ ሲቆም ይመለሳል። ክሮንስ ላለበት ግን ርካሽ ነው ብሎ ሰልፋሳላዚን ላይ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው፤ በአዛታዮፕሪን ላይ ማተኮር ይሻላል። እሱም መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየጥቂት ወሩ የደም ሕዋስና የጉበት ምርመራ ይፈልጋል። ባዮሎጂክ ካስፈለገ ባዮሲሚላር የሚባሉት ከዋናው መድኃኒት ጋር ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው፣ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሐኪምዎን ስለእነርሱ ይጠይቁ።

ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ ለመጀመር ከታሰበ የተኛ ቲቢ (ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ያለ) እንዳለ ማጣራት የግድ ነው። ደረት ራጅና የቆዳ ወይም የደም የቲቢ ምርመራ ይደረግ፤ ሄፓታይተስ ቢም ይታይ። ይህ ሳይደረግ ባዮሎጂክ የሚጀምር ሐኪም ካጋጠመዎት ጥያቄ የማንሣት ሙሉ መብት አለዎት።

ለመፅነስ የሚያስቡ ሴቶች መድኃኒታቸውን በድንገት ሊያቆሙ አይገባም። የሚጎዳው ንቁ በሽታ ነው። ጥቂት ወራት ሕመሙ ረግቦ መቆየቱ እርግዝናውን ይጠቅማል። ሜቶትሬክሴት ግን በእርግዝና ጊዜ የተከለከለ ስለሆነ ከወራት በፊት መቆም አለበት፤ የሚወስድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ወይም የትልቁን አንጀት ክሮንስ ይዘው የቆዩ ሰዎች የካንሰር ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ብግነቱ ከሬክተም ያለፈ ከሆነ ምልክቱ ከጀመረ ከ8 ዓመት በኋላ ኮሎኖስኮፒ ይጀመራል። ፒኤስሲ የሚባለው የሐሞት ቱቦ በሽታ ካለ ግን ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ነው።

አስቸኳይ ከሚባሉት ሁኔታዎች አንዱ ይህ ነው፤ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ተቅማጥ ከኖረ፣ በዚህ ላይ ትኩሳት ከ37.8 ዲግሪ በላይ፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ90 በላይ፣ ወይም ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ10.5 ግራም በታች ከሆነ ይህ በቤት የሚታከም አይደለም። ይህ መለኪያ ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1955 ካወጡት የመጣና እስካሁን የሚያገለግል ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣል፤ ካልሠራ በሦስተኛው ቀን ገደማ ወደ ኢንፍሊክሲማብ ወይም ሳይክሎስፖሪን፣ ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና መወሰን አለበት። ሎፐራማይድ ዓይነት የተቅማጥ ማቆሚያ በዚህ ጊዜ አይወሰድም፤ አንጀት ተነፍቶ ሊፈነዳ ይችላል። የደም መርጋት ስጋቱም ከፍ ስለሚል ሰገራ ላይ ደም እየታየም ሐኪሙ የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ሊያዝ ይችላል፤ ይህን ሲያዩ አይደንግጡ።

የኮሎኖስኮፒ ሪፖርቱን፣ የፓቶሎጂ ውጤቱንና ካለም ፎቶውን ቅጂ ከራስዎ ጋር ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ምስል መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተነሣ ስለሆነ በኋላ ሬክተሙ ሲድንና ብግነቱ የተቆራረጠ መስሎ ሲታይ የትኛው ዓይነት እንደነበር የሚያስረዳው እርሱ ነው።